የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በአዲሱ ላፕቶፕ ሲከፈት ላቲን ሆኖ መጣ፣ ምን ላድርግ?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ የእድር ጸሐፊ ነው፣ ደንቡን ከብዙ ዓመት በፊት በድሮ ዴስክቶፕ አስጽፎ በፍላሽ ይዞት ነበር፣ እሁድ ስብሰባ ስላለ ሁለት አንቀጽ አስተካክለሽ አትሚልኝ ብሎኝ በላፕቶፔ ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፣ የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ብቻ። ዴስክቶፑ ከተጣለ ቆይቷል። ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ብወስደው «ቫይረስ በልቶታል፣ እንደ አዲስ ይጻፍ» አሉኝ። 14 ገጽ ነው! ከመሥራቾቹ ግማሾቹ አርፈዋል፣ አባዬ ቃላቸው እንዳይለወጥ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። እባካችሁ የምታውቁ።

ጸሐፊዋ፦
አይዞሽ እህቴ፣ አልጠፋም፣ ቫይረስም አይደለም። ባዶ ሳጥን ሳጥን ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት) ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው እልሽ ነበር። ላቲን ከሆነ ግን በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪዎቹ የ«ሀ»ን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፣ ስለዚህ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ጽሑፉን ክሊክ አድርጊና ወርድ ላይ ከላይ የፎንቱን ስም አንብቢ፣ ላፕቶፕሽ ላይ ባይኖርም ስሙን ያሳይሻል። ያንኑ ፈልገሽ ጫኚ።

የማራኪ ልጅ፦
ልክ ናት። ግን በመጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ፣ ደግሞ በምንም ተአምር ሁሉንም መርጠሽ ወደ አንድ ፎንት እንዳትቀይሪው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እነ ሏ፣ ቧ፣ ቁጥሩ፣ አራት ነጥቡ ሲጨመርበት የአንድ ፎንት 256 ቦታ አልበቃ ብሎ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውት ነበር። እኔ የአጎቴን የውል ወረቀት እንደዚያ አድርጌ በየመስመሩ ሦስት አራት ፊደል ተለዋወጠብኝ፣ በእጅ ነው ያረምኩት።

የአዘዞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ!! እውነትም ሁለት የፎንት ስም ነው ያለው፣ ሰፈራችን የሚጽፍ አንድ ጋሼ ሁለቱም ነበራቸው፣ ሰጡኝ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ አንቀጽ አንድን ጮክ ብሎ አነበበው። አሁን ፒያሳ ሳሳትመው እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

ጸሐፊዋ፦
እሰይ! ሴቭ ስታደርጊው ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ ባይኖራቸውም እንዳለ ይታተማል። ከስብሰባው በኋላ ግን ቀስ ብለሽ በዩኒኮድ ጻፊውና አባትሽ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩት።