ትንሽ ፀጉራም ውሻ ባሕር ዳር ላይ ማን ያስተካክልልን?

«ባሕር ዳር ውስጥ የትንሽ ክልስ ውሻ ፀጉር የሚያስተካክል ታውቃላችሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ አንድ ስም ጠርቼ ባሳርፍሽ ደስ ባለኝ። ግን አራት ዓመት የዞርኩበት ነገር ስለሆነ ያየሁትን በሙሉ ልንገርሽ።

የእኔዋ ቡቺ እናቷ ሐበሻ ናት። አባቷ ከአዲስ አበባ የመጣ ፀጉራም ትንሽ ውሻ ነው። ፀጉሯ አይጠቀለልም፤ ቀጥ ብሎ ይወርድና ዓይኗን ይጋርዳል።

መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ነበር። ልጁ ደግ ነው፣ ግን የሚያውቀው የሰው ራስ ነው። ዜሮ አደረጋት። ቶንዶሱ እየቆየ ግሎ ኖሮ ብብቷና ሆዷ ቀላ። ወሩ መጋቢት ነበር፤ በሳምንቱ ጀርባዋ በፀሐይ ተላጠ። ሙቀት ነው ብለን ነው የምናስላጫቸው። ውሻ ግን እንደ እኛ ገላው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በአብዛኛው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ፀጉሩ ደግሞ ከፀሐይ የሚከልለው ጥላው ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቂያታለሽ። ሌላም አለ። ጭርት ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። የሰው ቶንዶስ ውሻ ላይ መዋል የለበትም። ስለዚህ ፀጉር ቤት አልጠቁምሽም።

ቤት ለቤት የሚመጡ ልጆች ይሻላሉ። እኔ ጋ የሚመጣው ዘንዘልማ ካምፓስ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ልጅ ነው። እጁ ቀስ ያለ ነው፤ ቡቺ ገና በሩ ላይ ስታየው ጭራዋን ትቆላለች። ልጅ ስትመርጪ አንድ ነገር ጠይቂው፦ «መጀመሪያ ታጥባለህ ወይስ ታበጥራለህ?» አጥባለሁ ካለሽ ተይው። የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ መፍታት ከባድ ነው፣ መላጨት ሊመጣ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዷንም አሳዪው፤ ፊቷ ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ይህን ማወቅ መብቱ ነው።

የእንስሳት ክሊኒክ ደግሞ ለጥፍርና ለጆሮ ጥሩ ነው። የቡቺ ጥፍር ጥቁር ስለሆነ ውስጡ ያለው ደም ሥር አይታይም። እኔ ቤት የምቆርጠው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው። ከደማ የበቆሎ ዱቄት ጫን አድርጎ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ፤ ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪ። ከሁሉም በፊት የብረት ማበጠሪያ፣ ግማሹ ጥርስ ሰፋ፣ ግማሹ ጠበብ ያለ። እኔ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። የቅዳሜ ገበያው የእንጨት ሚዶ ላይ ላዩን ያስተካክላል እንጂ ሥር ድረስ አይገባም። ቋጠሮ ደግሞ የሚጀምረው ሥር ነው፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ውስጥ፣ አንገት ማሰሪያው ሥር። በተለይ ከክረምት በኋላ ሐይቁ ዳር ካንሸራሸርሻት ጭጎጎት ለቅማ ትመለሳለች፤ በዚያው ቀን ካልለቀምሽላት በሦስተኛው ቀን ድብልብል ብሎ ታገኚዋለሽ። ስታበጥሪ መዥገርም ፈልጊ። ካገኘሽ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ጋዝ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እባክሽ እንዳታደርጊው፣ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይመርዛታል። የከብት መዥገር መድኃኒትም ያለ ሐኪም አይሞከርም፤ ለአምስት ኪሎ ውሻ መጠኑ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ባለ ጥርስ መቀስ ነው፤ ፀጉር የሚያሳሳው። ጥምዝ ፀጉር የመቀስ ስህተት ይደብቃል። ቀጥ ያለው ግን እያንዳንዱን ቁርጥ እንደ ደረጃ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ፀጉሩን በማበጠሪያው ወደ ላይ ታነሺና ከጥርሶቹ በላይ የወጣውን ብቻ በባለ ጥርሱ ትቆርጫለሽ። ማበጠሪያው ቆዳዋንም ከመቀሱ ይጠብቃል። ትንሽ ቆርጠሽ አበጥሪ፣ እንደገና እዪ። ዓይኗ አካባቢ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቀስ ብቻ፣ ጫፉም ከዓይኗ የዞረ። ርዝመቱን እኔ ሁለት ጣት ያህል እተወዋለሁ።

ሻምፖን በተመለከተ፣ የሰው ቆዳ ከውሻ ቆዳ ይልቅ አሲዳማ ስለሆነ የእኛ ሻምፖ ያደርቃታል። የእንስሳት መድኃኒት ቤት የውሻ ሻምፖ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ። ካጣሽ ሽታ የሌለው የሕፃን ሻምፖ በብዙ ውሃ አቅጥነሽ። የልብስ ሳሙና አይሆንም። እንዶድም አይሆንም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ከላሰችውም መርዝ ነው።

እንዶድ ካነሳሁ አይቀር፣ ጣና ዳር ወስደሽ አትጠቢያት። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ውሃው ውስጥ ቆመሽ ስታጥቢ በአንቺ ቆዳ ነው የሚገባው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አግኝተዋል፤ ያ ግን እንዶድን ለውሻ ገላ ወይም ለጣና ዓሣ ደህና አያደርገውም። ግቢ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ በሳፋ ይበቃል። ከዚያ በፎጣ እስከ ሥሩ ድረስ አድርቂያት።

ሽምብጥ አካባቢ ከሆንሽ ጻፊልኝ። የልጁን ስልክ እሱን አስፈቅጄ እሰጥሻለሁ። የራስሽ እስኪመጣልሽ ማበጠሪያዬንም በአልኮል ጠርጌ አውስሻለሁ።