የመረጠ አያልቅስ?

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስለ ምርጫ ውይይት ነበር። አንዱ እንግዳ «ውሸታም የመረጠ ሕዝብ ኋላ የማልቀስ መብት የለውም» አለ። ቀጠለና «ሕዝብ የሚገባውን መንግሥት ነው የሚያገኘው» ብሎ ደመደመ። አወያዩ ዝም ብሎ አሳለፈው። እኔ ግን እስካሁን ደሜ ይፈላል። አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ ዋሸኝ። አመንኩት። ከዚያ ዘረፈኝ። ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ? ኪሱ የተበረበረን ሰው «መጀመሪያ ኪስ ለምን አሰፋህ?» ይሉታል እንዴ?

ቀጥተኛው፦
እንግዳው ልክ ነው። ኪስ አውላቂ ሳታዪው ነው የሚወስድብሽ። ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ግን ወራት ሙሉ ፊትሽ ቆሞ ይናገራል። ቃሉን ትሰሚያለሽ። የትናንት ሥራውን ታያለሽ። ከዚያ ራስሽ ሄደሽ፣ ተሰልፈሽ፣ በገዛ እጅሽ ምልክት ታደርጊለታለሽ። ይሄ መዘረፍ አይደለም፤ የቤትሽን ቁልፍ አሳልፎ መስጠት ነው። አብዛኛው መራጭ አልተታለለም። አውቆ የተኛ ነው። አውቆ የተኛን ደግሞ ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ጠያቂዋ፦
«ትሰሚያለሽ፣ ታያለሽ» ትላለህ። እኔ የምሰማው እሱ እንድሰማ የፈለገውን ነው። የመንግሥትን የሒሳብ መዝገብ ማን ገልጦ አሳየኝ?

ባለሚዛን፦
«አውቆ የተኛ» የሚለው ላይ እንቁም፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ ቃል አይደለም። ማን ነው ያወቀው? መቼ ነው ያወቀው? (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሃንጋሪ ውስጥ በሚያዝያ 2006 ምርጫ ተደረገ። የጠቅላይ ሚኒስትር ፌሬንጽ ጁርቻኒ ወገን አሸነፈ። በግንቦት፣ ሰውየው በዝግ ስብሰባ ለፓርቲው የምክር ቤት አባላት ስለ ኢኮኖሚው ጠዋትም ማታም ሲዋሹ እንደኖሩ በራሱ አንደበት ተናገረ። ድምፁ ተቀድቶ ኖሮ በመስከረም ወጣ። ሕዝቡ ቡዳፔስት ላይ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። እስቲ ንገረኝ፣ በሚያዝያ የተሰለፈው መራጭ በመስከረም የሚወጣውን ቅጂ ከየት ይሰማዋል? እሱ ነው አውቆ የተኛው?

ቀጥተኛው፦
አንድ የተመቸህን አገር መርጠህ አመጣህ። እኔም ላምጣ። ፊሊፒንስ። ጆሴፍ ኢስትራዳ በ1998 ፕሬዝዳንት ሆነ። በ2001 በሙስና ክስ መሀል ከሥልጣን ወረደ። በ2007 ፍርድ ቤት በሕዝብ ሀብት ዘረፋ ጥፋተኛ ነው ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። እዚያው ዓመት ምሕረት ተደረገለት። በ2010 እንደገና ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ሁለተኛ ወጣ። በ2013 የማኒላ ከንቲባ አድርገው መረጡት። የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው ያለው እኮ! አሉባልታ አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ እስኪወጣ አልጠበቁም። ይሄን ምን ትለዋለህ?

ጠያቂዋ፦
እኔ የምለው አለ። ያ ሰው የፊልም ተዋናይ ነበር፤ በፊልሞቹ የድሃ ጠበቃ ሆኖ ነው የሚታወቀው። ሌላው ፖለቲከኛ ድሃውን ዞር ብሎ አያየውም። «ሁሉም ይሰርቃል፣ እሱ ቢያንስ ስሜን ይጠራኛል» ብሎ የመረጠን ሰው አልወቅሰውም። ምርጫው መጥፎ ሊሆን ይችላል። ተኝቶ ግን አይደለም።

ቀጥተኛው፦
«ሁሉም ይሰርቃል» ያልሽው ዓረፍተ ነገር ነው አገር የሚያፈርሰው። ሌባው የሚፈልገው ይህንን እንድትይ ብቻ ነው። ሁሉም ሌባ ከሆነ እሱ ላይ ማን ጣት ይቀስራል?

ዳር ተመልካች፦
በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ የእኔ እጅ ንጹሕ ነው። መርጬ አላውቅም። ሂትለርንም የመረጡት ጀርመኖች ናቸው። መምረጥ ምን ጠቀመ?

ባለሚዛን፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን አስተካክለን እንናገር። ሂትለር በነፃ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። በሐምሌ 1932 ፓርቲው 37 በመቶ አገኘ። በኅዳር ወደ 33 በመቶ ወረደ። ጥር 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት አድርጎ የሾመው ፕሬዝዳንቱ ሂንደንቡርግ ነው፤ ዙሪያውን የነበሩ ሹማምንት «እንቆጣጠረዋለን» ብለው አግባብተውት። ከሦስቱ ሁለቱ መራጭ እኮ ሌላ ነው የመረጠው።

ቀጥተኛው፦
37 በመቶ ትንሽ ነው? ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው! ያ ሰው ደግሞ ጥላቻውን አልደበቀም። አደባባይ ላይ ነው የጮኸው። እንደ ሃንጋሪው በዝግ ስብሰባ አልነበረም።

ባለሚዛን፦
ትንሽ ነው አላልኩም። «ጀርመኖች መረጡት» ብሎ በጅምላ መናገር ግን የተቃወመውንም ከመረጠው ጋር አንድ ላይ መቅበር ነው። አንድ መንደር ውስጥ አሥር ሰው «አዎ» ቢል፣ ዘጠኝ ሰው «አይሆንም» ቢል፣ በማግስቱ አሥራ ዘጠኙም «የመረጠ ሕዝብ» ይባላሉ። ድምፅ ደግሞ ምስጢር ነው። ማንን ማንን ብለህ ነው የምትወቅሰው?

ዳር ተመልካች፦
ስለዚህ ያልመረጠ ሰው ከሁሉም ይሻላል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦
አይደለም! ዛሬ ከቀጥተኛው ጋር የምስማማው በዚህ ብቻ ነው። ቤት ሲቃጠል በር ላይ ቆሞ «እሳቱን የለኮስኩት እኔ አይደለሁም» ማለት ንጽሕና አይደለም። በሁለት ሦስት መቶ ድምፅ ልዩነት ስንት ወንበር እንደሚለወጥ ታውቃለህ?

ዳር ተመልካች፦
መጀመሪያ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብለሽ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። አሁን እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ?

ጮራ፦
እኔ ስለ ትልልቅ አገሮች አላውቅም። የራሴን ልናገር። አንድ ማኅበር ውስጥ አባል ነኝ። ሊቀመንበሩ በድጋሚ ሊመረጥ ሲል የሒሳብ ሰነዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ነበር። አንድ ደረሰኝ አነሳሁ። ቁጥሩ ላይ 3 የነበረችው 8 ሆናለች። በግራ በኩል የተጨመረችው ግማሽ ክብ ቀለሟ ከሌላው ይጠቁራል። እስክሪብቶውም ወረቀቱን ጠልቆ ገብቶበታል፤ ጀርባውን በጣቴ ስዳስሰው ይታወቀኛል። መልሼ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ «የምትደግፉ?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ለምን? ጣራዬን እንደሚያሠራልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ልጆቼን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ነበር የማዘዋውራቸው። ስለዚህ ቀጥተኛው ሲናገር ያመኛል፣ ግን ዋሸህ ልለው አልችልም። እኔ አውቄ ነበር።

ቀጥተኛው፦
እህቴ፣ አንቺን ለማሳመም ብዬ አልነበረም። ግን አየሽ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ባለሚዛን፦
አይደለም፣ ያልከው ይሄንን አይደለም! አንተ ያልከው «ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ነው። እሷ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ተናገረች። አንተ «አብዛኛው መራጭ» አልክ። እሷ አንድ ሰው ናት።

የድሮ መምህር፦
ልጆች፣ ትንሽ ልግባበት። ካርል ያስፐርስ የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ ነበር። ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ አባረውታል። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ ሃይደልበርግ ላይ ስለዚሁ ስለምትከራከሩበት ነገር አስተማረ። ጥፋትን አራት አድርጎ ከፈለው፤ ለዛሬው ሦስቱ ይበቁናል። ወንጀል የግለሰብ ነው፤ ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ አይባልም። ፖለቲካዊ ተጠያቂነት ግን የዜጋ ሁሉ ነው፤ መንግሥት ላደረሰው ጉዳት ዕዳውን የመረጠውም ያልመረጠውም አብሮ ይከፍላል። ሦስተኛው የሕሊና ነው። እሱን ሰው ራሱን በራሱ ይመረምርበታል እንጂ ሌላው ከላይ ሆኖ አይፈርድበትም። ጮራ የተናገረችው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ቀጥተኛው ልጄ ደግሞ ሦስተኛውን ይዘህ እንደ መጀመሪያው እየፈረድክ ነው።

ቀጥተኛው፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እርስዎም «የዜጋ ሁሉ ነው» ብለዋል። እኔ ከዚያ የተለየ ምን አልኩ?

ባለሚዛን፦
ዕዳ መክፈልና አጥፊ መሆን አንድ አይደለም። አባቴ የተበደረውን እኔ ልከፍል እችላለሁ። ተበዳሪው ግን እኔ አልነበርኩም።

ቀጥተኛው፦
አባትህን አልመረጥከውም። መሪህን መርጠኸዋል። ምሳሌህ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ «ሕዝብ የሚገባውን መንግሥት ያገኛል» የሚለውንስ? ሬዲዮ ላይ የተባለው እሱ ነው ያንገበገበኝ።

የድሮ መምህር፦
ያን ቃል የጻፈው ዮሴፍ ደ ሜስትር ነው፣ በ1811፣ ከሴንት ፒተርስበርግ በላከው ደብዳቤ። የነገሥታት አገዛዝ ደጋፊ ነበር። በጊዜው ሩሲያን የሚገዛት ንጉሠ ነገሥት ነው። የሩሲያ ገበሬ ደግሞ ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ ጭሰኛ ነበር። ያ ገበሬ የት ሄዶ ነው የመረጠው? እኔ ይህንን ዓረፍተ ነገር በምርጫ ክርክር ላይ ስሰማ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ምርጫ ላልነበረው ሕዝብ የተባለን ነገር አንስቶ መራጭን መምቻ ማድረግ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ይሄንን ለሬዲዮው ደውዬ እናገራለሁ።

ባለሚዛን፦
አሁንም ወደ «አውቆ የተኛ» ልመለስ፣ ምክንያቱም ቀጥተኛው አልመለሰልኝም። በ1991 አሜሪካ ውስጥ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ ለገዥነት የመጨረሻ ዙር ላይ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ ኤድዊን ኤድዋርድስ፣ በሙስና ስሙ የጎደፈ የቀድሞ ገዥ። ሌላው ዴቪድ ዱክ፣ ጥቁሮችን የሚያሳድደው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን መሪ የነበረ ዘረኛ። ሰዎች መኪናቸው ላይ «ለሌባው ድምፅ ስጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈው ዞሩ። ኤድዋርድስ 61 በመቶ አካባቢ አግኝቶ አሸነፈ። በ2000 በሙስና ወንጀል ተፈረደበት። እነዚያ መራጮች አወቁ? አዎ፣ ወረቀት ለጥፈው ተናገሩ እንጂ! ተኙ? በጭራሽ። ያን ቀን የጥቁሩን ጎረቤታቸውን በር የጠበቁት ለሌባ ድምፅ ሰጥተው ነው። እኔ ብሆንም እዚያው ነበር ምልክት የማደርገው።

ቀጥተኛው፦
እኔም አደርግ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ሁለቱን ለመጨረሻ ዙር ማን አቀረባቸው? የመጀመሪያ ዙር ነበር እኮ። በሥልጣን ላይ የነበረው ገዥ ሦስተኛ ወጥቶ ተባረረ። ሌባና ዘረኛ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ድምፅ የሰጠው ያው ሕዝብ ነው። በመጨረሻው ቀን «ምን ላድርግ፣ አማራጭ የለኝም» የሚል መራጭ ከአንድ ወር በፊት የት ነበር?

ዳር ተመልካች፦
እኔም ለዚህ ነው የማልመርጠው።

ጠያቂዋ፦
አንተ ዝም በል አሁን!

ዳር ተመልካች፦
ምን አደረግኩሽ?

ጠያቂዋ፦
ይቅርታ፣ ተቆጥቼ ነው። ግን ደቡብ ኮሪያን ተመልከት። ፓርክ ጉን ሄ በ2012 ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝታ ፕሬዝዳንት ሆና ተመረጠች። በ2016 መጨረሻ የወዳጇ ቅሌት ሲወጣ ሕዝቡ ሻማ ይዞ በየሳምንቱ ቅዳሜ አደባባይ ወጣ። በብርድ፣ ልጅ አዝሎ። መጋቢት 10 ቀን 2017 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አነሳት። ሻማ ከያዙት ውስጥ የመረጧት አልነበሩም? ነበሩ። «የመረጠ አያልቅስ» ቢባሉ ኖሮ ቤታቸው ይቀመጡ ነበር። ሬዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ያልገባው ይሄ ነው። የተታለለን ሰው አፉን ካስያዝከው ዋሾውን ማን ይናገርበታል?

ቀጥተኛው፦
ይህንን እቀበላለሁ። ያልቅስ፣ ይጩህ፣ ያውርድ። ግን ሲጮህ «እኔም አለሁበት» ብሎ ይጀምር። እንደ ጮራ። ጮራ፣ ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ? እጅሽን ካወጣሽ በኋላ ማለቴ ነው።

ጮራ፦
ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ጣራውም አልተሠራም። የደረሰኙን ፎቶ ግን ያን ቀን አንስቼው ነበር፣ ስልኬ ውስጥ አለ። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። የሚቀጥለው ስብሰባ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ፎቶውን ባሳይ «ያኔ እጅሽን አላወጣሽም?» ነው የሚሉኝ። እሱን እየፈራሁ ነው እስካሁን የቆየሁት።

የድሮ መምህር፦
ይሉሻል ልጄ። «አዎ፣ አውጥቻለሁ» በያቸው።

ባለሚዛን፦
አያችሁ፣ አፏን ያስያዛት ይሄው «የመረጠ አያልቅስ» የሚለው ነው። ሊቀመንበሩ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አያገኝም። ቀጥተኛው፣ ቃልህን አንሳ።

ቀጥተኛው፦
«የመረጠ አያልቅስ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሬዲዮው ነው። እኔ ያልኩት «አውቆ የተኛ» ነው። እሱን አላነሳም። ጮራን ግን አይመለከትም፤ ለእሷ አንስቻለሁ።

ባለሚዛን፦
ለእሷ ካነሳህ፣ የቀረውን «አብዛኛው» ያልከውን ከየት አመጣኸው? ቆጥረሃቸዋል? አንድ በአንድ ደረሰኙን ሲያዩ አብረሃቸው ቆመሃል?

ቀጥተኛው፦
አንተስ ያልተኙትን ቆጥረሃል?