በሩን ልክፈት ወይስ ልዝጋ? ርዕሳነ መምህራን ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከሆንኩ 2 ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ጨንቆኛል፤ በተለይ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

ሕጋችን ግልጽ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ ወላጁን ይዞ ይመጣል። ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ተስማምተን በቃለ ጉባኤ የያዝነው ነው።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት 3 ቀን ታረፍዳለች። እናቷ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለሥራ ስለምትወጣ ታናሽ ወንድሟን አልብሳ ሌላ ሰፈር ያለ መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሰው እሷ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ጥበቃው ጠራኝ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ብመልሳት የሚያመልጣት ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ የምገባው ቁርስና ምሳም ይቀርባታል። ከተማ አቀፉ ፈተናም ደርሷል። አስገባኋት።

በማግስቱ 2 መምህራን ቢሮዬ መጡ። «ሌሎቹን መልሰው እሷን ለምን አስገቡ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዚያን ቀን 4 ልጆች ተመልሰዋል፤ የእነሱን ምክንያት ግን አልጠየቅኩም። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ እንዴት ትወስናላችሁ? ምክንያቱን በጽሑፍ ትይዛላችሁ? ለሱፐርቫይዘር ቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ? የልጅቷን ገመና ሳላወጣ ውሳኔዬን ለመምህራን ላስረዳ የምችለውስ እንዴት ነው? ሰኞ ስብሰባ አለን፤ ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።