የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ልንጎበኝ ነው፣ ምን ላይ ላተኩር?

ሲቪል_4ኛ_ዓመት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከክላሳችን ጋር የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ልንጎበኝ ነው። ዲዛይኑን ተምረናል፣ የገንዳ መጠን ምናምን ማስላት አያቅተንም፣ ግን እዛ ሄደን ገንዳ ለገንዳ ዞረን ፎቶ ተነስተን እንዳንመለስ ፈራሁ። የሰራችሁበት ሰዎች ካላችሁ ምን ልይ፣ ምን ልጠይቅ?

ኦፕሬተር_የነበረ፦
ጥሩ አስበሻል። መግቢያው ላይ ያለውን ስክሪን፣ ማለት ትልልቅ ቆሻሻ የሚይዘውን ወንፊት፣ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው፣ እናንተ ግን ቆም በሉ። እዛ የሚያዘው ጨርቅና ፕላስቲክ፣ በተለይ እርጥብ መጥረጊያ ሶፍት፣ ካለፈ ፓምፕ ላይ ተጠምጥሞ ያቆመዋል። ቀጥሎ ከአሸዋ መያዣው የወጣውን አሸዋ እዩት። የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 0.3 ሜትር አካባቢ እንዲሆን የተማራችሁት አሸዋው እንዲወርድ ኦርጋኒኩ (የሚበሰብሰው ቆሻሻ) ግን እንዲያልፍ ነው አይደል? አሸዋው ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ፍጥነቱ በጣም ወርዷል፣ ኦርጋኒኩም አብሮ ወርዷል ማለት ነው።

ከዛ አየር ከሚሰጠው ገንዳ በ1 ሊትር ሲሊንደር ቅዱልን በሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጉብኝቱ ቢያጥርም ይሄን እንዳትተዉት። መጀመሪያ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ቀስ እያለ ስላጁ (ባክቴሪያ የሞላበት ጭቃ) እየተያያዘ ይወርድና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። 250 ሚሊ ላይ ቢቆምና ኤምኤልኤስኤሱ (ገንዳው ውስጥ ያለው የስላጅ መጠን) በሊትር 2500 ሚሊግራም ቢሆን ኤስቪአዩ (አንድ ግራም ስላጅ ከወረደ በኋላ የሚይዘው ሚሊ ሊትር) 100 መጣ፣ ጥሩ ነው። 600 ላይ ከቆመ ግን 240 ነው፣ ስላጁ አልወርድ ብሏል፣ ከመጨረሻው ገንዳ አልፎ ከውሃው ጋር ሊወጣ ይችላል።

ሲቪል_4ኛ_ዓመት፦
በጣም አመሰግናለሁ! አንድ ያልገባኝ፣ ከወረደ በኋላ ስላጁን ለምንድነው መልሰን የምናስገባው? ለማስወገድ አልነበር እንዴ የለየነው?

ላብራቶሪ_ነኝ፦
ስራውን የሚሰሩት እኮ እነሱ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ከጣልናቸው ገንዳው ባዶ ቀረ። ውሃው ገንዳው ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ነው፣ ባክቴሪያው ግን ለቀናት መቆየት አለበት፣ ስለዚህ አብዛኛው ይመለሳል፣ ትርፉ ብቻ ይወገዳል። ይሄን ዘዴ የፈጠሩት አርደርንና ሎኬት እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ ያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ ውሃውን ደፍተው ስላጁን እያስቀሩ አዲስ ፍሳሽ ሲጨምሩበት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው በሰዓታት ማለቅ ጀመረ።

ሌላ ደግሞ፣ ክላስ ላይ ሁሉ ነገር ቢኦዲ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ለማብላላት የሚፈልገው ኦክስጅን ልኬት) ነው፣ ግን ውጤቱ 5 ቀን ይፈጃል፣ ዛሬ የተበላሸውን በ5 ቀን ብትሰሙት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ኦፕሬተሩ ያለው ሲሊንደሩ፣ የኦክስጅን መለኪያው፣ የስላጁ ቀለምና አረፋው ነው። ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጠቆረ ኦክስጅን አንሶታል። "ዛሬ ጠዋት ምን አይታችሁ ምን ቀየራችሁ" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ውስጥ ዲዛይኑን ታገኙታላችሁ።

ሴፍቲ_ይቅደም፦
እባካችሁ ይሄንንም አንብቡ። የታሸገ ጉድጓድና የፓምፕ ክፍል ውስጥ ጋዝ ሳይለካ ማንም እንዳይገባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያንስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን መቶ እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫ ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ። ሰው ወድቆ ብታዩ እንኳ ዘላችሁ አትግቡ፣ ሊያድኑ ገብተው አብረው የሚሞቱት ብዙ ናቸው። አየር የሚሰጠው ገንዳ ጠርዝ ላይም አትንጠልጠሉ፣ በአረፋ የተሞላ ውሃ ሰውን እንደ ተራ ውሃ አይሸከምም። እጃችሁን ሳትታጠቡም ስልክም ምግብም አትንኩ።

ሲቪል_4ኛ_ዓመት፦
እሺ፣ ይሄንን ለክላስ ግሩፑ አሁኑኑ እልከዋለሁ። ሲሊንደሩን አስጎብኚው ካላሰበበት ከራሳችን ላብ ይዘን ብንሄድስ?

ኦፕሬተር_የነበረ፦
ያዙ፣ ጓንትም ጨምሩ። ግን ቀድማችሁ ደውሉላቸው፣ እንደደረሳችሁ ካስቀዱላችሁ ዞራችሁ እስክትመለሱ 30 ደቂቃው ይሞላል።