«ዲባንክ» ከባንክ ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ ሐሰተኛ ወሬንና ማጭበርበርን በማስረጃ ማጋለጥ በእንግሊዝኛ «ዲባንክ» ይባላል። በፊደላችን ስጽፈው ውስጡ «ባንክ» ቁጭ ብሎ ስላገኘሁት፣ ከገንዘብ ማጭበርበር ጋር የተያያዘ መሰለኝ። ግምቴ ትክክል ነው? በአማርኛስ «ማስተባበል» ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ ያሳሳተዎት ፊደሉ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ በአጻጻፍም በድምፅም ይለያያሉ። የ«ዲባንክ» ሥር በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ ባንከም የተባለ አውራጃ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ሚዙሪ ባርነትን እንደያዘች ወደ ኅብረቱ ትግባ ወይስ አትግባ በሚል ሲሟገት፣ የአካባቢው ተወካይ ፊሊክስ ዎከር ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ ተነሥተው ከጉዳዩ የራቀ ረጅም ንግግር ጀመሩ። ባልደረቦቻቸው እንዲያቆሙ ቢወተውቷቸው የምናገረው ለባንከም ነው አሉ ይባላል፤ አዳራሹ ባይሰማቸውም መራጮቻቸው ይስሙልኝ ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የአውራጃው ስም ለታይታ የሚደረግ ባዶ ንግግር መጠሪያ ሆነ፤ ቆይቶም አጥሮ «ባንክ» ተባለ። በ1916 ሄንሪ ፎርድ ለቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ታሪክ ይብዛም ይነስም ባንክ ነው ያሉት በዚሁ ቃል ነው። በ1923 ደግሞ ዊሊያም ዉድዋርድ የተባሉ ጸሐፊ «ባንክ» በሚል ርእስ ባሳተሙት ልብ ወለድ ከፊቱ «ዲ»ን ጨምረው ቅጥፈቱን አራግፎ ማውጣት የሚል ግስ አበጁለት። (አውራጃው የተሰየመው በነጻነቱ ጦርነት ቆስለው ተማርከው በሞቱት በኮሎኔል ኤድዋርድ ባንከም ነው፤ ለአገሩ የሞተ ሰው ስም የከንቱ ወሬ ስም ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።)

«ማስተባበል» ላይ ግን አልስማማም። የሚያስተባብለው አብዛኛውን ጊዜ ወሬው የነካው ወገን ነው፤ እውነት ይዞም ዋሽቶም ሊያስተባብል ይችላል። «ዲባንክ» የሚያደርግ ሰው ግን ማስረጃውን ካላቀረበ ሥራው አልተሠራም።

ተጨማሪ አስተያየት፦ ለ«ባንክ» የመንገዱ አማርኛ «ቀደዳ» የሚል ግሩም አቻ አለው። ለግሱ ደግሞ «ማበጠር»ን አስቡልኝ፤ ሰፌድ ላይ እህልን ከገለባው መለየት ነውና የ«ዲ»ን የማራገፍ ስሜት ይጠብቃል፤ «አበጥሮ ያውቀዋል» ስንልም ምርመራን አብረን እንላለን።

መልስ፦ «ቀደዳ»ን ተቀብያለሁ። ነገር ግን የሚበጠር እህል ፍሬ አለው፤ ዲባንክ የሚደረገው ወሬ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ገለባ ነው። ለዚያ «ቅጥፈቱን ማጋለጥ» ከሚለው የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም።