«ስቶርም ኮንትሮል» በአማርኛ፦ ማዕበል፣ ጎርፍ ወይስ ወጀብ?

ጥያቄ፦ የኔትወርክ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ) ማዋቀሪያ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በፖርቶች (በኬብል መሰኪያዎቹ) ላይ የሚደረገውን «ትራፊክ ስቶርም ኮንትሮል» አንዱ ረቂቅ «የትራፊክ ማዕበል ቁጥጥር»፣ ሌላው «የጎርፍ መከላከያ» ብሎታል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ «ጎርፍ»ን ቢተዉት እመክራለሁ። ስዊች የተቀባዩን አድራሻ በሰንጠረዡ ውስጥ ሲያጣ ፍሬሙን (የመረጃ እሽጉን) ከመጣበት ፖርት በቀር በሌሎቹ ሁሉ ይልከዋል፤ ይህ «ፍለዲንግ» የሚባለው መደበኛ ሥራው ስለሆነ፣ «ማጥለቅለቅ» የሚለውን ቃል ለእርሱ ማቆየት ይኖርብናል። ስቶርም ግን ብልሽት ነው። ስዊቾች በኬብል ዙሪያውን ተያይዘው ሉፕ (የተዘጋ ቀለበት) ሲፈጠርና ስፓኒንግ ትሪ (እንዲህ ያለውን ቀለበት የሚቆርጠው ፕሮቶኮል) ሳይቆርጠው ሲቀር፣ የኤተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት ዕድሜውን የሚቀንስ ቆጣሪ ስለሌለው፣ አንድ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) እየተባዛ ያለማቋረጥ ይዞርና መስመሩን ይሞላዋል። «ማዕበል» ከባሕር ጋር የተቆራኘ ቃል ነው፤ ድንገት ተነሥቶ ከየአቅጣጫው የሚያጣድፈውን «ወጀብ» የበለጠ ይገልጸዋል ባይ ነኝ።

«መከላከያ» ደግሞ ያልተገባ ተስፋ ይሰጣል። ይህ ቅንብር ሉፑን አይፈታም፤ ወደ ፖርቱ የሚገባውን ብሮድካስት፣ መልቲካስት (ለቡድን የሚላክ) ወይም ዩኒካስት (ለአንድ ተቀባይ የሚላክ) በአጭር የጊዜ ልክ፣ በብዙ ስዊቾች በየሰከንዱ፣ እየለካ ከተወሰነለት መጠን ያለፈውን ይጥላል። ስለዚህ «ወጀብ መግቻ» ብለው ቢጽፉት ሥራውን በትክክል ይናገራል። «ትራፊክ» የሚለውንም አንባቢው መንገድ ላይ ከቆመው ፖሊስ ጋር እንዳያያይዘው «የመረጃ ፍሰት» ማለቱ ይመረጣል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ። በሲስኮ ኩባንያ ስዊቾች ሁለት የመጠን ቁጥሮች አሉ፤ «ከፍተኛ ገደብ» እና «ዝቅተኛ ገደብ» ልበላቸው?

መልስ፦ «ዝቅተኛ ገደብ» አንባቢውን ያሳስታል፤ ፍሰቱ ከዚያ በታች መውረድ የለበትም የሚል ይመስላልና። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ፍሰቱ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲደርስ ይታገዳል፣ ከሁለተኛው በታች ሲወርድ ደግሞ ይለቀቃል። «የማገጃ መጠን» እና «የመልቀቂያ መጠን» ቢሏቸው ግሡ ራሱ ትርጉሙን ይሸከማል። ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ማብራሪያ እንዲያክሉም አደራ እላለሁ፦ መጠኑ ከፖርቱ አቅም በመቶኛ ሲሰጥ 100 ማለት ምንም ገደብ የለም፣ 0 ማለት ደግሞ የዚያ ዓይነት ፍሰት በሙሉ ይታገድ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥበቃው የሚጠነክር የሚመስለው ጀማሪ ብዙ ነው። መቶኛውም ቢሆን ትንሽ መስሎ ይሸውዳል፤ በ1 ጊጋቢት ፖርት ላይ 1 በመቶ፣ ፍሬሞቹ 64 ባይት ብቻ ከሆኑ፣ በሰከንድ ከ14 ሺህ በላይ ፍሬም ያሳልፋል። ስዊቹ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ በሚያልፍ የፓኬት ብዛት መገደብ የተሻለ ግልጽነት አለው።

መጠኑ ሲታለፍ የሚሠራውን «ትራፕ» የሚለውን ትእዛዝ «ወጥመድ» ብለው እንዳይተረጉሙት። ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የሚላክ ማስጠንቀቂያ እንጂ የሚይዘው ነገር የለም፤ ፖርቱን የሚዘጋው «ሻትዳውን» የሚባለው ሌላው አማራጭ ነው። ትእዛዞቹ ራሳቸው ግን በስዊቹ ላይ እንደሚጻፉት መቆየት አለባቸው፤ የአማርኛው ትርጉም በማብራሪያው ውስጥ ይግባ።