የሚያብለጨልጭ ክር የገባበት ሹራብ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይመደባል?

የሰኞ ገበያ ነጋዴ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሴቶችና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። እስከ አምና ድረስ ዕቃዬን ከአዲስ አበባ ጅምላ አከፋፋዮች ስረከብ ቆይቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን የአስመጪነት ፈቃድ አውጥቼ ለደሴ ብርድ የሚሆን ሹራብ በጅቡቲ በኩል በቀጥታ አስገብቼ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ለመረከብ እየተዘጋጀሁ ነው። ዕቃው ገና አልተጫነም። በእጄ ያሉት አቅራቢው የላከልኝ ሦስት ናሙናዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም እኛ በተለምዶ የሙካሽ ክር የምንለው ዓይነት የሚያብለጨልጭ ክር አለባቸው።

የመጀመሪያው የሴቶች ሹራብ ሲሆን መለያው ላይ ጥጥ 46 በመቶ፣ አክሪሊክ 30 በመቶ፣ ፖሊስተር 17 በመቶ፣ ናይለን 5 በመቶ፣ ሜታሊክ 2 በመቶ ይላል። ሁለተኛው ለሠርግና ለበዓል የሚለበስ፣ ከላይ እስከ ታች የሚያበራ ነው፤ መለያው ቪስኮስ 40፣ ፖሊስተር 56፣ ሜታሊክ 4 ይላል። ሦስተኛው የልጆች ነው፤ አካሉ በሙሉ አክሪሊክ ሆኖ የሚያበራው ክር ያለው እጅጌው ጫፍና አንገቱ ላይ ብቻ ነው።

ያማከርኩት የጉምሩክ አስተላላፊ ሰው ሠራሹ ስለሚበዛ ሦስቱም የሰው ሠራሽ ፋይበር ሹራብ በሚመደብበት የታሪፍ ቁጥር በ6110.30 ይግቡ አለኝ። በንግድ የቆየ አንድ ዘመዴ ደግሞ ብረት ያለበት ዕቃ ከጨርቃ ጨርቅ ጋር አይመደብም ብሎ አስፈራራኝ። ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማሳወቂያ) ከመሞላቱ በፊት ትክክለኛውን ማወቅ እፈልጋለሁና የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የኮምቦልቻ አስተላላፊ፦

እህታችን፣ ዕቃው ሳይጫን መጠየቅዎ ብዙ ጣጣ ያስቀርልዎታል። ዘመድዎን በሚመለከት ሐሳብ አይግባዎ፤ ሹራብ ብረት ስለነካው ከጨርቃ ጨርቅ ክፍል አይወጣም። በኪሮሽ ወይም በሹራብ አሠራር የተሠራ ልብስ በምዕራፍ 61 ውስጥ ነው፤ ሹራብ፣ ካርዲጋንና መሰሎቻቸው ደግሞ በ61.10 ተጠቃለዋል። ብረት ለበስ ክር ያለበትን ጨርቅ ለይቶ የሚጠራ 58.09 የሚባል ቁጥር መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም እሱ በድርና ማግ ለተሸመነ ጨርቅ የተቀመጠ ስለሆነ ተሠርቶ ያለቀ ሹራብ አይመለከተውም።

ክርክሩ ያለው በንዑስ ቁጥሩ ላይ ነው። 61.10 በውስጡ ሱፍና የእንስሳት ጠጉር፣ ጥጥ (6110.20)፣ ሰው ሠራሽ ፋይበር (6110.30) እና ሌሎች የጨርቃ ጨርቅ ቁሶች (6110.90) ተብሎ ይከፈላል። ቅይጥ ሲሆን ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው በክብደት የሚበልጠው ቁስ ሙሉውን ልብስ እንደሠራ ተቆጥሮ ይመደባል። ከግማሽ በላይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል።

ያማከሩት ባለሙያ የተሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ይመስለኛል። ጨርቃ ጨርቅን የሚመለከተው የታሪፉ ክፍል 11 ማስታወሻ 2 በ56.05 የሚመደበውን ብረት የተቀላቀለበት ወይም ብረት የለበሰ ክር ለብቻው አንሥቶ፣ ክሩ እንደ አንድ ቁስ እንዲቆጠርና ክብደቱም የውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ ድምር እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ በሚያበራው ክር ውስጥ ያለውን ፖሊስተርና ናይለን ከክሩ መዝዘን ከአክሪሊኩ ጋር ልንደምረው አንችልም። የብረቱ መጠን ኢምንት መሆኑም ለውጥ አያመጣም፤ ብረቱ ምንም ያህል ቢያንስ ክሩ ብረት ለበስ ክር መሆኑ አይቀርም።

አሁን የመጀመሪያውን ናሙና እንየው። ያማከሩት አስተላላፊ 30፣ 17 እና 5 ደምሮ 52 በመቶ ሰው ሠራሽ አገኘና ከጥጡ 46 በልጦ ታየው። ፖሊስተሩ፣ ናይለኑና ሜታሊኩ በሙሉ የሚያበራው ክር አካል ከሆኑ ግን ሒሳቡ ጥጥ 46፣ አክሪሊክ 30፣ ብረት ለበስ ክር 24 ይሆናል። ጥጥ ከሁለቱም ከእያንዳንዳቸው ስለሚበልጥ ምደባው 6110.20 ነው።

ሁለተኛው ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ቪስኮስም ፖሊስተርም ሰው ሠራሽ ስለሆኑ በጥሬው ሲደመሩ 96 በመቶ ይሆኑና 6110.30 ያለ ጥርጥር ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ፖሊስተሩ የሚያበራው ክር እምብርት ከሆነ ብረት ለበሱ ክር 60፣ ቪስኮሱ 40 ስለሆነ ዕቃው 6110.90 ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ክፈፍና ጌጥ የልብሱን መሠረታዊ ባሕርይ አይወስኑምና አካሉን ተከትሎ 6110.30 ይሆናል።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን አንድ «ከሆነ» ላይ ነው። መለያው ፖሊስተሩ በየትኛው ክር ውስጥ እንዳለ አይናገርም። በመጀመሪያው ናሙና ከ17ቱ ፖሊስተር 16ቱ በመደበኛው ክር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሰው ሠራሹ ከጥጡ ጋር እኩል 46 ይሆንና፣ በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ስለሚመረጥ ዕቃው ተመልሶ 6110.30 ይገባ ነበር። ስለዚህ አቅራቢዎን የፋይበሩን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በየክሩ የተከፋፈለ የክብደት መግለጫ ይጠይቁት።

ክር ለይ (ኮምቦልቻ)፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በቂ ስለሆነ የምደባውን ነገር አልደግምም። ዕድሜዬን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያና ላቦራቶሪ ክፍል ስላሳለፍኩ ስለ ክሩ ብቻ ጥቂት ልጨምር።

ሰዉ ሙካሽ ብሎ የሚጠራው የዛሬው ክር የወርቅም የብርም አይደለም። ብዙውን ጊዜ እጅግ የሳሳ አልሙኒየም የተቀባበት የፖሊስተር ፕላስቲክ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ የሚሠራ ሪባን ነው፤ እንዳይበጠስ ደግሞ ቀጭን የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ይጠመጠምበታል። ያ የተጠመጠመው ድጋፍ የራሱ የክሩ አካል ነው፤ አብሮ ይመዘናል። ነገር ግን በማሽኑ ላይ ከሚያበራው ክር ጎን ለጎን የገባ፣ ያልተጠመጠመ ሌላ የፖሊስተር ክር ካለ እሱ የብቻው ነው፤ ከሚያበራው ጋር መቁጠር ስሕተት ነው። ይህንን በዓይን መለየት ይቻላል፤ ክሩን በጣትዎ ሲፈቱት ድጋፉ ሪባኑን እንደ ሐረግ ዞሮት ያገኙታል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሚያበራ ሁሉ ብረት የለውም፤ ብርሃኑ ከፕላስቲኩ ንብርብር ብቻ የሚመጣ፣ እንደ ሳሙና አረፋ ቀለሙን የሚለዋውጥ ሪባን አለ፤ እንዲህ ያለው ብረት ለበስ ክር አይባልም። ለመለየት ጥቂት ክር በቀዝቃዛና በቀጠነ የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። አልሙኒየም ከሆነ ቀስ በቀስ ተበልቶ ሪባኑ እንደ መስታወት ጠርቶ ይቀራል። አልሙኒየሙ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ከታሸገ ጊዜ ይፈጃልና ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ሶዳው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ግን ጓንት የለበሰ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ይሻላል።

የጥጡና የአክሪሊኩ ክር አብሮ የተፈተለ ከሆነ በእጅ አይለይም፤ እዚያ ላይ የላቦራቶሪ አሲድ ያስፈልጋል። ደግነቱ ለእርስዎ ጥያቄ ይህን ማወቅ አያሻም። ከመጀመሪያው ናሙና ቁራጭ ፈትተው የሚያበራውን ክር ብቻ አውጥተው ይመዝኑት። ከቁራጩ 24 በመቶ ገደማ ከመጣ መለያው ላይ ያለው ፖሊስተር፣ ናይለንና ሜታሊክ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከዚያ በብዙ ካነሰ ግን የቀረው ፖሊስተር በመደበኛው ክር ውስጥ ተደብቋል።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ (ደሴ)፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። የተዘጋጀ ልብስ በሙሉ 35 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ከሆነ ንዑስ ቁጥሩ ጥጥ ሆነ ሰው ሠራሽ ምን ለውጥ ያመጣል? ደግሞም ከናሙናዎቹ ጋር አንድ ስስ፣ ከፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ፣ እንደ ሸሚዝ ያለ የሚያብለጨልጭ የሴቶች ልብስ አለ፤ እሱስ ሹራብ ይባላል?

የኮምቦልቻ አስተላላፊ፦

በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልክ ነዎት፤ የቀረጡ ልክ በ61.10 ውስጥ አይለያይም። ሆኖም ዕቃው የሚተመነው ከዓይነቱ ጋር እየተነጻጸረ ነው፤ የጥጥ ሹራብ በሰው ሠራሽ ቁጥር ገብቶ ከተገኘ የዋጋ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተጨማሪ እሴት ታክሱም ሱር ታክሱም (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) ቀረጡ ከተጨመረበት ድምር ላይ የሚሰላ በመሆኑ ዋጋው ላይ የመጣ ጥቂት ለውጥ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል። ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚደረግ ኦዲትም አለ። አስተላላፊው የሞላው ነው ብሎ መመለስ እዚያ ላይ አያዋጣም፤ ሰነዱ የአስመጪው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ጥሩ ነው። በሹራብ አሠራር የተሠራ የሴቶች ሸሚዝና ብላውዝ ቁጥሩ 61.06 ነው። ታዲያ የምዕራፍ 61 ማስታወሻ 4 ከዚያ ቁጥር የሚያስወጡትን ይዘረዝራል፦ ከወገብ በታች ኪስ ያለው፣ ግርጌው በሪብ (በሚለጠጥ የሹራብ ጠርዝ) ወይም በሌላ ማጥበቂያ የሚሰበሰብ፣ እንዲሁም ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲቆጠር በአማካይ በየአቅጣጫው በአንድ ሴንቲ ሜትር ከ10 ያነሱ የክር ቀለበቶች ያሉት ልብስ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ማጉያ መነጽርና ማስመሪያ ይዘው ቀለበቶቹን ይቁጠሩ። ስስ ስለሆነ ከ10 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ግርጌው የሚሰበሰብ ካልሆነና ኪስ ከሌለው 61.06 ይሆናል ማለት ነው። ብረት ለበሱ ክር እዚህም እንደ አንድ ቁስ የሚቆጠርበት ደንብ ያው ነው።

ስለ ልጆቹ ሹራብ አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ቁመታቸው ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ሕፃናት የሚሆነው መጠን ከ61.10 ወጥቶ 61.11 ውስጥ ይገባል። አቅራቢው በአንድ ካርቶን ትንሹንም ትልቁንም ቀላቅሎ እንዳያሽግብዎ አስቀድመው ያሳስቡት፤ ፓኪንግ ሊስቱም መጠኑን ለይቶ ይጻፍ።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ (ደሴ)፦

ከመጀመሪያው ናሙና ጀርባ ላይ ቁራጭ ቆርጬ፣ ሚዛናቸው ግራምን ከነክፍልፋዩ ስለሚያነብ ፒያሳ ያለ አንድ ወርቅ ቤት ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው ሙካሽ ለመመዘን ስመጣ የመጀመሪያዋ መሆኔን እየነገረኝ ሳቀ። ቁራጩ 25 ግራም ሆነ፤ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ፈትቼ ያወጣሁት የሚያበራ ክር ደግሞ በማግስቱ 6.1 ግራም መጣ። ድጋፉም ክር ለይ እንዳሉት ሪባኑን ዞሮት ነበር። ስሱ ልብስ ላይ ግን ለመቁጠር ሞክሬ ዓይኔ ደከመና ለልጄ ሰጠኋት፤ ወደ ታች 14፣ ወደ ጎን 11 አለችኝ፤ ግርጌው ክፍት ነው፤ ኪስም የለውም።

ክር ለይ (ኮምቦልቻ)፦

6.1 ከ25 ማለት 24.4 በመቶ ነው። ጥጥ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብና ሪባኑ ስለማይስብ ትንሽ መዛነፍ ይጠበቃል። መለያው እውነቱን ነው የተናገረው።

የኮምቦልቻ አስተላላፊ፦

እንግዲያው የመጀመሪያው 6110.20፣ ስሱ ልብስ 61.06 ነው። ሁለተኛውንም በዚሁ መንገድ ይመዝኑት፤ የሚያበራው ክር ከ50 በመቶ በላይ ከመጣ 6110.90 የማያከራክር ይሆናል። ኢንቮይሱ ላይ «ሹራብ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ በየሞዴሉ የጥጡ፣ የአክሪሊኩና የብረት ለበሱ ክር መቶኛ ተለይቶ ይስፈር። ከመለያው ፎቶና ከክሩ ናሙና ጋር አያይዘው ይዘው ይምጡ፤ ለፈታሹም ለእኛም ሥራው ይቀላል።